ደብተሩ ዛሬ የማን ተራ ነው?

 

ባለፈው ሰሞን አንዲት እናት ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር በነጠላቸው ሸፍነው ይዘው መጡና፣ ‹‹እስቲ ይቺን እዩልኝ። ልጄ ትምህርቱን ትቶ የሰው ድርሰት ሲገለብጥ ያመሻል። መብራት የለ፣ ዐይኑ ሊጠፋ ነው፤ ምከሩልኝ›› አሉን። ተቀብለን ገለጥነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሰብለ ወንጌል ጋላባት ደርሳ ሻይ ስትጠጣ አገኘናት። ሁለተኛው ገጽ ላይ በዛብህ ካርቱም ጀሬፍ ሰፈር ረክሻ ይነዳል፤ ቤተ ክርስቲያን ያሠለጠነችውን ያን ያማረ ድምፁን መንገደኛ ለመጥራት ያውለዋል። ሦስተኛውን ገጽ ሌላ እጅ በቀይ እስክሪብቶ ጽፎታል። አራተኛው በእርሳስ ነው። አምስተኛው ላይ እንደገና የመጀመሪያው ልጅ ተመልሶ፣ ‹‹ረክሻው ተሸጧል፣ ማነው የሸጠው?›› ብሎ በኅዳጉ ላይ ጓደኞቹን ይወቅሳል።

ሳቅን። ከዚያም እናትየውን፣ ‹‹እማማ፣ ልጅዎ እየገለበጠ አይደለም፤ እየጻፈ ነው›› አልናቸው። ‹‹እንዴት ተብሎ? ሰብለ ወንጌል የሐዲስ ዓለማየሁ አይደለችም እንዴ?›› አሉን። ጥያቄያቸው ትክክለኛ ነው። የዛሬው ዓምዳችንም ለእሳቸውና እንደሳቸው ለሚሰጉ ወላጆች ሁሉ መልስ እንዲሆን የተጻፈ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጆች የሚወዱትን ታሪክ ያነባሉ ወይም ይሰማሉ። ታሪኩ ያልቃል፤ እነሱ ግን አልጠገቡም። ወይም አጨራረሱ አናዷቸዋል። ስለዚህ ሰዎቹን ከደራሲው ተውሰው ታሪኩን ይቀጥላሉ፣ ያጣምማሉ፣ ሌላ አገር ይወስዳሉ። ብዙውን ጊዜ ብቻቸውን አይጽፉም፤ አንዱ ጀምሮ ለሌላው ያቀብላል። በውጭው ዓለም ይሄ የራሱ ስም ወጥቶለታል። እኛ በአማርኛ ‹የአድናቂ ድርሰት› ብንለው ያስኬደናል።

የደብተሩ ሥር ግን ውጭ አገር አይደለም፤ ካርቱም ነው። ዴም ወይም ጀሬፍ ሰፈር የኖራችሁ ታስታውሱታላችሁ። በአንድ ሆሽ ውስጥ ሦስትና አራት ቤተሰብ ተከራይቶ ይኖራል። ሙቀቱ ቤት አያስገባም፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጭራሽ። አንገረቡ ወደ ግቢ ይወጣል፣ ቡናው ይፈላል፣ ልጆች ሰማይ እያዩ ይጋደማሉ። ያን ጊዜ ከእናቶቻችን አንዷ ‹ፍቅር እስከ መቃብር›ን ትተርክ ነበር። መጽሐፉን አንብባው አይደለም፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ‹ከመጻሕፍት ዓለም› ዝግጅት ላይ ሲተርከው ሰምታ ነው። ፊታውራሪ መሸሻን ስታወራ ድምፅዋን ታወፍራለች፤ ጉዱ ካሣን ስታወራ ታሽሟጥጣለች። በማግሥቱ ደግሞ የጎረቤት ሱዳናዊት ሀቦባ ትመጣና ስለ ፋጥማ አስሰምሃ፣ ስለ ቆንጆይቱ ፋጥማ ትነግራቸዋለች።

የሱዳን አያቶች ለልጅ ልጆቻቸው ከሚነግሯቸው ተረቶች ሁሉ ስመ ጥሩ ይሄ ነው። አነጋገሩ እንደ አገሩና እንደ ተራኪዋ ይለያያል። በብዙዎቹ አነጋገር ግን ፋጥማ ያልወደደችውን ጋብቻ ሸሽታ ከቤት ትወጣለች፤ መንገድ ላይ የሽማግሌ ቆዳ ለብሳ፣ ሽማግሌ መስላ ትጓዛለች። አሁን ሰብለ ወንጌልን አስታውሱ። እሷስ ከአባቷ ቤት ወጥታ በዛብህን ፍለጋ የሄደችው የወንድ መነኩሴ ልብስ ለብሳ፣ ‹አባ ዓለም ለምኔ› ተብላ አይደለም? የጎጃሟም የሱዳኗም ልጅ በመንገድ ላይ ሴት መሆናቸውን ደብቀው ነው የተጓዙት። ይህንን ያስተዋልነው እኛ ትልልቆቹ አይደለንም፤ ልጆቹ ናቸው። አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ ‹‹ሁለቱ መንገድ ላይ ቢገናኙስ?›› አለች። ያቺ ጥያቄ ናት ደብተሩን የወለደችው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነቱ ተነሣ። ሁላችንም እንደምታውቁት ሆሹም፣ አንገረቡም፣ የነበሩን ጥቂት መጻሕፍትም እዚያው ቀሩ። ታሪኮቹ ግን በልጆቹ አፍ ተሳፍረው መጡ። መጽሐፉ በእጅ ባይኖርም በቃል የሚታወቅ ታሪክ ካለ መጻፍ ይቻላል።

አሁን ወደ እናትየው ጥያቄ እንመለስ። የሌላ ሰው ታሪክ መቀጠል ሌብነት አይደለም ወይ?

መጀመሪያ የራሳችንን ቤት እንይ። በቅኔ ቤት ተማሪው ቀን ቀን ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ማታ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርሙለታል። ከጓደኞቹ ጋር ሲሆን ደግሞ ‹ነጠቃ› የሚባል አለ። አንዱ ቅኔውን ሲጀምር ሌላው አሳቡ ወዴት እንደሚሄድ ቀድሞ ይገባውና ነጥቆ ይጨርሰዋል። የተነጠቀው ተሰረቅሁ ብሎ አይከስም፤ ለሚቀጥለው ይበልጥ ይዘጋጃል እንጂ። ዋሸራና ጎንጅ ስማቸው የተጠራው በእንዲህ ዓይነት ፉክክር ባደጉ ሊቃውንት ነው። በዛብህ ራሱ በልቦለዱ ውስጥ የቆሎ ተማሪ እንደነበር አትርሱ።

ከቤተ ክህነት ወጣ ስንል ደግሞ ዐፄ ቴዎድሮስን እናገኛለን። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ስለሳቸው ተውኔት ጻፉ። ብርሃኑ ዘርይሁን በ1958 ዓ.ም. ‹የቴዎድሮስ ዕንባ›ን፣ አቤ ጉበኛ በ1961 ዓ.ም. ‹አንድ ለናቱ›ን አሳተሙ። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በበኩሉ ተውኔት ጽፎባቸዋል። አንድ የቋራ ሰው፣ አንድ መቅደላ፤ ግን የእያንዳንዱ ደራሲ ቴዎድሮስ ሌላ ነው። ማንም ‹‹ካሣን እኔ ቀድሜ ወስጄዋለሁ፣ አትንኩት›› አላለም። እንዲያ ብሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አንድ መጽሐፍ ብቻ ይኖረን ነበር።

የካርቱም ጎረቤቶቻችንም እንዲሁ ናቸው። ሱዳናዊው ደራሲ ጣይብ ሳልህ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ‹ወደ ሰሜን የስደት ወቅት› በሚባለው ልቦለዱ ውስጥ ከሱዳን ወደ ለንደን የሄደ ምሁር አለ። ይህ ሰው ከሼክስፒሩ ኦቴሎ ጋር ስሙ እየተነሣ ይነጻጸራል። ጣይብ ሳልህ የእንግሊዞቹን የቆየ ታሪክ አንሥቶ ከዓባይ ዳር ሆኖ መልስ ሰጠበት ማለት ነው። ይሄ ልቦለድ ዛሬ በዓረብኛ ከተጻፉት ታላላቆቹ አንዱ ተብሎ ይቆጠራል።

ሩቁንም ካያችሁ፣ ስኮትላንዳዊው ኮናን ዶይል እ.ኤ.አ. በ1893 ሼርሎክ ሆልምስን በታሪኩ ውስጥ ሲገድለው አንባቢዎች አኮረፉ፤ የቁጣ ደብዳቤ ላኩበት። ሌሎችም የራሳቸውን ሼርሎክ ይጽፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1903 ደራሲው ራሱ ተሸንፎ ሰውየውን ከሞት መለሰው። አሜሪካኖች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1967 ‹ስታር ትሬክ› የተባለውን የቴሌቪዥን ድራማ የሚወዱ ሰዎች የጻፉትን እያባዙ በመጽሔት ማሠራጨት ጀመሩ። በገንዘብ ማነስ የሚታተም፣ በፍላጎት የሚዘጋጅ፣ እንደኛዋ መጽሔት ዓይነት ማለት ነው።

ስለዚህ ሌብነት የሚሆነው የሰው ድርሰት ገልብጦ ‹‹የኔ ነው›› ሲሉ ወይም ሲሸጡ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው። በደብተሩ ሽፋን ላይ፣ ‹‹ሰዎቹ የሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው፤ የቀረው የኛ ነው›› ብለው ይጻፉ። ልጆች ምስጋናና ታማኝነትን ከዚያች አንዲት መስመር ይማራሉ።

ግን ለምን የሰው ታሪክ? ለምን የራሳቸውን አይጽፉም? የሚል አንባቢ ይኖራል። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ የዛሬው ዋና ነገራችን ይሄ ነውና።

ለስደተኛ ልጅ ባዶ ወረቀት ስጡትና ‹‹ስለ ራስህ ጻፍ›› በሉት። ‹‹ስሜ እገሌ ነው። ዕድሜዬ አሥራ አራት ነው። የተወለድኩት...›› ይልና ይቆማል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። እኛ ቤት ‹‹ታሪክህን ተናገር›› ማለት ቃለ መጠይቅ ማለት ነው። ጠረጴዛ አለ፣ አስተርጓሚ አለ፣ ፋይል አለ። የወጣህበት ቀን ስንት ነው? በየት በኩል ገባህ? ባለፈው እንዲህ ብለህ ነበር፣ አሁን ለምን እንዲያ አልክ? ልጆቻችን ይሄን ከወላጆቻቸው ጎን ተቀምጠው ሰምተዋል። የራስ ታሪክ ማለት አንድ ቀን ብትሳሳት የሚያስጠይቅ ነገር መሆኑን ከፊደል በፊት ተምረዋል። ታዲያ እንዴት አድርገው በነጻነት ይጻፉት?

ሰብለ ወንጌል ግን ፋይል የላትም። ጋላባት የገባችው ሰኞም ይሁን ሐሙስ ማንም አያፋጥጣትም። ልጁ ሲጽፍ እጁ አይንቀጠቀጥም። ሰዎቹን ከዜሮ መፍጠርም የለበትም፤ ስማቸው፣ ጠባያቸው፣ አነጋገራቸው ተዘጋጅቶ ቆይቶታል። ፊታውራሪ መሸሻ ኬላ ላይ ቢደርሱ ምን እንደሚሉ ማን ያጣዋል? እሱ የሚቀረው ‹‹ቀጥሎስ?›› የሚለው ብቻ ነው። ድርሰት የሚባለው ነገር ደግሞ የሚጀምረው ከዚያ ጥያቄ ነው።

አንድ ነገር እንንገራችሁ፤ ስምም ሰፈርም አንጠራም። በዚያ ደብተር ውስጥ ከገጾቹ አንዱን የጻፈችው ልጅ ዝምተኛ ናት። ስለ መጣችበት መንገድ ለማንም ተናግራ አታውቅም። ተራዋ ሲደርስ ሰብለና ፋጥማ ሌሊት በእርሻ መካከል ሲሄዱ ጻፈች። ሁለቱም ወንድ መስለዋል። ውሻ ይጮኻል። ባትሪ የያዘ ሰው ያስቆማቸዋል፤ እነሱም ድምፃቸው ሴት መሆናቸውን እንዳያጋልጥ ምላሳቸውን ነክሰው በጭንቅላት ብቻ ይመልሳሉ። ጎሕ ሲቀድ ፋጥማ የሽማግሌውን ቆዳ አውልቃ ሰብለን ታለብሳታለች፤ ‹‹አንቺ በርዶሻል፣ እኔ ለምጄዋለሁ›› ትላታለች። ገጹ እዚያ ላይ ያበቃል።

ያነበብነው ሰዎች ለጥቂት ጊዜ አልተናገርንም። ይሄ ከልቦለዱም ከተረቱም ያልመጣ መሆኑን ሁላችንም ዐውቀናል። ልጅቷ በራሷ ስም ልትናገረው ያልቻለችውን በሰብለ ስም ጻፈችው። ሰብለ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ መንገዱን እንዳለፈችው፣ ይህቺም ልጅ የሰብለን ልብስ ለብሳ አለፈችው። እኛም አልጠየቅናትም። ‹‹አንቺ ላይ የደረሰ ነው ወይ?›› ማለት ልብሱን መግፈፍ ነው። ‹‹ቀጥሎ ምን ሆኑ?›› ብቻ አልናት። ‹‹የኔ ተራ አልቋል፤ የሱ ተራ ነው›› ብላ ደብተሩን ለጎረቤቷ ልጅ ሰጠች። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የሁለቱ ልጆች ወላጆች እኮ አገር ቤት በተፈጠረው ነገር ምክንያት ውሃ ሲቀዱ ሰላም የማይባባሉ ነበሩ። ደብተሩ ግን ከአንዱ ድንኳን ወደ ሌላው ይሄድ ነበር፤ እሱን ተከትሎ ሻማ፣ ከዚያም ስኳር መዋዋስ ተጀመረ። ታረቁ ብለን አናጋንንም። በር ማንኳኳት ግን ተጀምሯል።

አማርኛቸውስ? የሚል ደግሞ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ልጆቻችን በትምህርት ቤት ዓረብኛ፣ በቤት አማርኛ ናቸው። ‹ደብተር›ን ‹ደፍተር› ይላሉ። የሃሌታውን ‹ሀ›፣ የሐመሩን ‹ሐ› እና የብዙኃኑን ‹ኀ› ለይተው አይጽፉም፤ እኛስ መቼ ለየን? ነገር ግን በየሳምንቱ አንድ ገጽ አማርኛ በፍላጎቱ የሚጽፍ ልጅ፣ በዓመቱ ሃምሳ ገጽ ጽፏል ማለት ነው። በቁጣ አስገድደን ይሄን ያህል ማጻፍ እንችላለን? ደግሞም ጓደኛው ሊያነበው ስለሆነ ጽሑፉን ያስተካክላል። ‹‹ይሄ አልገባኝም›› የምትል አንዲት ጓደኛ ከአሥር እርማት ትበልጣለች።

መጀመር የምትፈልጉ ካላችሁ፣ እዚህ የተሞከረውን ሥርዓት እንነግራችኋለን።

አንደኛ፣ አንድ ደብተር፣ አምስት ወይም ስድስት ልጅ። ከዚያ ከበዛ ተራው ስለሚርቅ ይሰለቻሉ። ደብተሩ በአንዱ ልጅ እጅ የሚያድረው ቢበዛ ሁለት ሌሊት ነው፤ የሚጻፈውም ከአንድ ገጽ አይበልጥም።

ሁለተኛ፣ መነሻው ሁሉም የሚያውቀው ታሪክ ይሁን። ልቦለድ ካልታወቀ ተረት ይሁን። ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው ‹ፍቅር እስከ መቃብር›ን ከማሳተማቸው ዐሥር ዓመት ቀደም ብሎ በ1948 ዓ.ም. ‹ተረት ተረት የመሠረት› የሚል መጽሐፍ አውጥተዋል። ታላቁ ደራሲ ከተረት ከጀመሩ ለልጆቻችን ተረት አያንስም።

ሦስተኛ፣ ያለፈው ሰው የጻፈውን መሰረዝ ክልክል ነው። ካልተስማማህ በራስህ ገጽ ላይ መንገድ ፈልገህ አቃናው። ረክሻው ከተሸጠ ተሸጧል፤ አሁን በዛብህ በእግሩ ይሂድ። አንድን ሰው ለመግደል ግን የሁሉም ስምምነት ያስፈልጋል፤ አለዚያ በሦስተኛው ገጽ የሚቀር ሰው አይኖርም።

አራተኛ፣ በካምፑ ያለ ሰው በስሙ አይገባም፤ የማንም ብሔር ወይም ሃይማኖት አይሰደብም። ይህ ጨዋታ እንጂ ቂም መወጫ አይደለም።

አምስተኛ፣ መጻፍ የማይችል ልጅ ይናገር፣ የሚችል ይጻፍለት። የፊደል እርማት መጨረሻ ላይ ይምጣ። መጀመሪያ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ያየ ልጅ ሁለተኛ አይመለስም።

ስድስተኛ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቡና ሲፈላ ጮክ ተብሎ ይነበብ። የወላጆች ሥራ እዚህ ላይ ነው፤ መስማት፣ መሳቅ፣ ‹‹ከዚያስ?›› ማለት። አጨራረሱን ካልወደዳችሁ እናንተም ተራ ያዙ፤ አንድ አባት ይዘው እስከ እኩለ ሌሊት ሲጽፉ እንዳመሹ ሰምተናል።

ወረቀት የለም የምትሉ ደግሞ ይቺን ስሙ። ነቢይ መኮንን በደርግ ጊዜ ታስሮ ሳለ፣ ማርጋሬት ሚቸል የጻፈችውን ዝነኛ የአሜሪካ ልቦለድ ወደ አማርኛ የተረጎመው በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው። ብጣሹ እየተደበቀ ከእስር ቤት ወጣ፤ በኋላም ‹ነገም ሌላ ቀን ነው› ተብሎ ታተመ። ሐዲስ ዓለማየሁም በጣልያን ጊዜ ተማርከው በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ዓመታት የታሰሩ ሰው ናቸው። አማርኛ እንደኛ በጠበበው ቦታ ብዙ ጊዜ ኖሯል። እኛ ዘንድ ቢያንስ የዘይት ካርቶን አይጠፋም።

ያቺ እናት ደብተሩን ይዘው ሊሄዱ ሲነሡ፣ ‹‹እሺ፣ ሌብነት አይደለም እንበል። ግን ሰብለ ወንጌል እኮ ሞታለች፤ ርዕሱም አስቀድሞ ነግሮናል። ለምን ያነሷታል?›› አሉን። ምን እንመልስላቸው? አብሯቸው የመጣው ልጃቸው ቀደመን። ‹‹እማዬ፣ እሷ የሞተችው እዚያ ነው። እዚህ ገና መድረሷ ነው›› አላቸው።

እናትየው ዝም ብለው ደብተሩን አገላበጡ። ‹‹ማንበብ አልችልም። ማታ ታነብልኛለህ›› አሉት።

በየድንኳኑ የተጀመረ ደብተር ካለ ለዚህ ዓምድ አንድ ገጽ ላኩልን፤ የጸሐፊው ስም እንዲወጣ ካልፈለጋችሁ አናወጣም።